ጥያቄና መልስ፦ አሮጌው ኮምፒውተር ይታደስ ወይስ ይተካ?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ5፣ አምስተኛ ትውልድ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሀርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ሲሆን ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ብዙ ያስጠብቀኛል፤ ብሮውዘርና ኤክሴል አብሬ ስከፍት ደግሞ ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ራም ልጨምርበት ወይስ ሌላ ልግዛ? ሥራዬ ጽሑፍ፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ነው።

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚያንቀራፍፈው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ገጽ ክፍት ትተው እንደወትሮዎ ይሥሩ። ማሽኑ ሲጨናነቅ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ካለ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። በእርስዎ ማሽን ላይ የምንጠብቀውም ይህንኑ ነው። ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ እያወጣ ይሠራል፤ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ደግሞ የተፈለገው ቦታ ላይ ለመድረስ ብቻ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ይህንን ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከራሙ በፊት ዲስኩ ይቀየር።

የሚገዙት ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ኤስኤስዲ ነው። የራስዎ ፋይሎች ከ150 ጊጋባይት ካልበለጡ 256 ጊጋባይቱ ይበቃዎታል። ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጉት፤ በዚህ ትውልድ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል የተባለው የራም ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 መግጠሚያው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ላፕቶፑ ግን አልነሳም ሊል ይችላል። ዲዲአር4 ደግሞ ቁርጡ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፤ በጉልበት አይሞክሩት። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት የታችኛውን ክዳን ከፍተው ይዩ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። አስቀድመው ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተመሰጠረ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ያለ እሱ ከድሮው ዲስክ ላይ አንድም ፋይል አያወጡም። ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ክዳኑን ከፍተው ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ያላቁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ለይተው ያስቀምጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከስሩ ያለውን ሊበሳ ይችላል። የድሮውን ዲስክ ከነችግሩ ከመገልበጥ ይልቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

አሁን የሚከብደው ጉዳይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ እና፣ በኢንቴል በኩል፣ ከሞላ ጎደል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእርስዎ አያሟላም፤ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰር ቀይሮ ማሳደግ የማይታሰብ ነው። ክልከላውን አልፎ የሚጭን ዘዴ ቢኖርም ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና ስለሌለው ለሥራ ማሽን አንመክረውም። ለዘረዘሩት ሥራ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ሚንት በ8 ጊጋባይት ራምና በኤስኤስዲ ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ ሳይጭኑትም ከፍላሽ ላይ አስነስተው መሞከር ይችላሉ። ማክሮ ያለበት የኤክሴል ፋይል ወይም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር የግድ ካስፈለገዎት ግን እዚህ ላፕቶፕ ላይ ገንዘብ አይጨምሩ፤ ይተኩት። ባትሪው ከሞተ፣ ማጠፊያው ከተሰበረና ስክሪኑ ከደበዘዘም ምክራችን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ኤም.2 ኤስኤስዲ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ላፕቶፑ ግን አያየውም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ ውስጡ ሳታ ወይም ፈጣኑ የማገናኛ ዓይነት ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ሳታውን ብቻ ነው። የላፕቶፕዎን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዘው መመሪያውን ይመልከቱ። ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ላይ ስሙ ከታየና ዊንዶውስ ውስጥ ብቻ ከጠፋ፣ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ዓይነት) ብለው አዘጋጅተው አዲስ ክፍል ሲፈጥሩበት ብቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ በሥራ መሐል ድንገት ይጠፋል፤ ሰዓቱም በየጊዜው ይዛባል። አርጅቷልና ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ሰዓቱን የሚያዛባው በአብዛኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ናት፤ ይቀይሯት። ለመጥፋቱ መጀመሪያ ሙቀትን ይጠርጥሩ። ብዙ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበረደላቸው ማሽኑ ይጠፋል። ከሶኬት ነቅለው አቧራውን በታመቀ አየር ያስወጡ፤ ፋኑ በአየሩ እንዳይሽከረከር ክንፉን በጣትዎ ይያዙ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ያድርጉ፤ ሲበዛ በጎን ይፈስሳል እንጂ የተሻለ አያቀዘቅዝም።

ከዚያም በኋላ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ ቀይረው ይሞክሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይም አናታቸው ያበጡ ካፓሲተሮች (ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ክፍሎች) ካሉ ይዩ። ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። አዲስ ማዘርቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የድሮውን ፕሮሰሰርና ራም አይቀበልም፤ ሦስቱን አንድ ላይ መግዛት ሊኖርብዎ ነው። ኬዙ፣ ኤስኤስዲውና ደህናው ፓወር ሰፕላይ ግን ወደ አዲሱ ይሻገራሉ፤ ከማሽኑ ጋር የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ከድሮው ማዘርቦርድ ጋር ይቀራል።