ከማሊንዲ ተነሥቶ አንድ ቀን

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። በጥር ዕረፍቴ ወደ ኬንያዋ ማሊንዲ እሄዳለሁ፤ ቅርስና የዱር እንስሳት ለማየት ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከአስጎብኚ ጋር ወዴት ብሄድ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ወፎች በብዛት የሚታዩት በማለዳ ስለሆነ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ይጀምሩ። ትንሿን የሶኮኬ ጉጉት ያለ አገሬው አስጎብኚ ማግኘት ከባድ ነው።

ከዚያ በቅርብ ወዳለችው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበችው ጥንታዊት የስዋሂሊ ከተማ ወደ ጌዲ ይለፉ፤ ከዛጎል ድንጋይ የታነጹት መስጊዶቿ፣ ቤተ መንግሥቷና የውኃ ጉድጓዶቿ በዛፎች መካከል ቆመዋል፤ በቁፋሮ የተገኘው የቻይና ሸክላም ነዋሪዎቿ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ምን ያህል እንደ ተሳተፉ ይመሰክራል። የታሪክ መምህር ነዎትና እዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆዩ፤ ብዙ ጎብኚዎች ቸኩለው ማለፋቸው ያሳዝነናል።

ቀኑን በሚዳ የባሕር ሰርጥ ይጨርሱ። የእኛ የሐይቅ ውኃ በስፍራው ይረጋል፤ የሚዳ ግን በቀን ሁለት ጊዜ እየሸሸ ይመለሳል፤ በሸሸም ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ወፎች በማንግሮቭ ዛፎቹ አጠገብ ባለው ጭቃ ምግባቸውን ይለቅማሉ። ስለዚህ ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት አስጎብኚዎን ከዋዜማው ይጠይቁ።