ከባንዲራው በፊት ኩርፊያው ይምጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለትምህርት እረፍት ከልጆቹ ጋር የምናብ አገር ጀምራችኋል። ካርታው አልቋል፣ ባንዲራው ተስሏል። መንግሥቱ፣ ሕጉና ባህሉ ላይ ስትደርሱ ግን ጨዋታው ቀዘቀዘ። «ምን ጎደለን?» ነው ያልሽው። እኔና እህት ወንድሞቼ ልጆች ሆነን ለዓመታት ያስተዳደርናት አገር ስለነበረችን የማውቀውን ልንገርሽ።

የጎደላችሁ ኩርፊያ ነው። አገራችሁ ለምን ተገነጠለች? ከማን ጋር ተጣልታ? ይህ ካልታወቀ ንጉሥ ብታነግሡም ፓርላማ ብትሰበስቡም ሥራ ፈት ነው የሚሆኑት።

የእኛዋ አርፋድያ ትባል ነበር። በእረፍት ቀን ማለዳ መቀስቀስ ያማረራቸው ልጆች ናቸው የመሠረቷት። ግዛቷ ከመኝታ ክፍላችን እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ነው። መታጠቢያ ቤቱ ዓለም አቀፍ ቀጠና ሆነ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ቁጥር አንድ ጠላታችን የማንቂያ ሰዓቱ ነበር። ሕጉም፣ ገንዘቡም፣ በዓሉም ከዚህች አንድ ቅሬታ ነው የወጡት። ቁጭ ብለን «አሁን ደግሞ ባህል እንፍጠር» ያልንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማይክሮኔሽን የሚባሉትን ብታዪም ያው ነው። ነፃነታቸውን ራሳቸው ያወጁ፣ ግን ማንም መንግሥት ዕውቅና ያልሰጣቸው ጥቃቅን «አገሮች» ማለቴ ነው። እኔ የኮንክ ሪፐብሊክን ታሪክ የሚያህልብኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች ወደ ፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት በሚወስደው ብቸኛ አውራ ጎዳና ላይ ኬላ ጣሉ። መኪናው ሁሉ እየቆመ ይፈተሻል። ሰልፉ ረዘመ፣ ቱሪስቱ ቀረ። የከተማዋ ሰዎች አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። እንግዲያው እንደ ባዕድ ከተፈተሽን ባዕድ እንሁና አሉ። ኤፕሪል 23 ቀን ከንቲባቸው ከተማዋን ኮንክ ሪፐብሊክ ብሎ ነፃነት አወጀ፤ እሱው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ወዲያው አሜሪካ ላይ ጦርነት ታወጀ። ውጊያው የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ አንድን ሰው በደረቀ ዳቦ መምታት ነበር። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እጅ ሰጡና የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዕርዳታ ጠየቁ! ብሩ አልመጣም፤ ኬላው ግን ተነሣ። የነፃነት ቀኑም እስካሁን በየዓመቱ ይከበራል።

በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ሌናርድ ካስሊ የሚባል ገበሬ የስንዴ ኮታው ቢያንስበት እ.ኤ.አ. በ1970 እርሻውን ይዞ ተገነጠለ፤ ራሱንም ልዑል አለ። ሃት ሪቨር የተባለችው ይህች «አገር» 50 ዓመት ኖራ በ2020 ፈረሰች። የግብር ዕዳ ነበረባት፤ የግብር ሰዎች ደግሞ ቀልድ አያውቁም።

ስለ መንግሥቱ የምመክርሽ፣ አመራረጡ የሚያስቅ ይሁን፣ ሥልጣኑ ግን የምር ይሁን። አርፋድያ ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ለምርጫ ስብሰባ መጨረሻ የመጣው ሰው ነው። ሲያወሩት ያምራል። ቀኑ ሲደርስ ግን ማን ብቅ ይበል? ሁሉም ከበር ኋላ ተደብቆ ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል። አንዴማ ጭራሽ ያለ ፕሬዚዳንት ተኛን። በማግስቱ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፦ እናት ጠርታው ያልወጣ ዕጩ ከውድድር ይሰረዛል። (የታናሽ ወንድሜ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ይኮራበታል።) ጨዋታው የሚሞቀው እንዲህ ሕጉ ራሱ ሲያጣላ ነው። ስለዚህ የሕግ ቀዳዳ ብታዪ እንዳላየሽ ሁኚ። ልጆቹ ይድረሱበት።

ፕሬዚዳንቱ ግን በእውነት የሚወስነው ነገር ይኑር። የእኛው ማታ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ይወስን ነበር። ዘውድ ጭኖ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ትንሽ ቆይቶ ዘውዱን ጥሎ ይሄዳል። የኒውዚላንዷ መንደር ፋንጋሞሞና እ.ኤ.አ. በ1999 ፍየል ፕሬዚዳንት አድርጋ መርጣ ነበር፤ የእውነት ፍየል። እሷ ብታደርገው ያምርባታል። ቀድሞም በ1989 ባለሥልጣናት የክልል ወሰን ቀይረው ከማትፈልገው ክልል ስለጨመሯት ነው ሪፐብሊክ ነኝ ያለችው። ባለሥልጣን ላይ ለመሳቅ ፍየል ትበቃለች። ኩርፊያ በሌለበት ፍየል ብትመርጡ ግን ፍየሏን መቀለብ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ሕጉን አጭርና የሚታይ፣ የሚዳሰስ አድርጉት። በሊትዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ፣ ኡዡፒስ የሚባል የአርቲስቶች ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ማለትም በዓለም የቀልድ ቀን ሪፐብሊክ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ 41 ነጥብ ነው፤ በብዙ ቋንቋ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ውሻ ውሻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ድመት ደግሞ ባለቤቷን የመውደድ ግዴታ የለባትም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ልትረዳው ይገባል ይላል። አየሽ፣ ስለ ፍትሕና እኩልነት ረጅም መግቢያ ቢጽፉ ኖሮ ማን ቆሞ ያነበው ነበር? ልጆቹንም «ፍትሕ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «ሶፋው ላይ ጥግ ጥጉን ማን ይያዝ?» በያቸው። ሦስት አንቀጽ እዚያው ይወጣል።

ባንዲራችሁን በፎቶው አየሁት። ቆንጆ ነው፣ ግን ብዙ ነው። ንስር፣ ሁለት ሰይፍ፣ ከሥር ጽሑፍ፣ ቀለሙማ አይቆጠርም። ትንሹ ልጅ ሳያይ መሳል ካልቻለ ቀንሱለት። ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ይበቃል፤ ጽሑፍ ደግሞ ከሩቅ አይነበብም። የእኛም መጀመሪያ ኤሊ፣ ትራስና ባለ ብዙ ጨረር ፀሐይ ነበረው። በመጨረሻ ሰማያዊ መደብ ላይ ግማሽ ፀሐይ ብቻ ቀረች። ግማሿ ገና አልተነሣችም።

ገንዘብ ካተማችሁ ከአንድ ነገር ጋር እሰሩት። የእኛ መገበያያ ሰበብ ይባል ነበር፤ አንድ ሰበብ፣ አምስት ሰበብ እያልን ወረቀት እንቆርጥ ነበር። ሁሉም ማተም ሲጀምር ሰበብ እንደ ጉድ ረከሰ። በኋላ አንድ ሰበብ በአንድ ተራ ዕቃ ማጠብ ይመነዘራል ብለን ደነገግን፤ ገበያው በአንድ ምሽት ተረጋጋ። አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ያለችው ማይክሮኔሽን ሞሎሲያም ቫሎራ የሚባል ገንዘቧን ከኩኪስ ሊጥ ጋር አቆራኝታዋለች። ሳቂ፣ ግን ሊጡ ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር ነው።

ባህል ዕቃ የማይፈልግና በየቀኑ የሚደረግ ይሁን። አርፋዳውያን ሰላም የሚባባሉት በማዛጋት ነበር። የተዛጋለት ሰው መልሶ ካላዛጋ በሰላይነት ይጠረጠራል። በነገራችን ላይ እንግዶች ሳያውቁት አብረውን ያዛጉ ነበር፤ ያኔ የክብር ዜግነት እንሰጣቸዋለን። የነፃነት ቀናችን ሁልጊዜ በማግስቱ ነው የሚከበረው፤ የአርፋጅ አገር ነዋ። ቋንቋ እንፍጠር ወይ ላልሽው ግን ተዉት ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጣሊያን አጠገብ ባሕር ላይ የተመሠረተችው የሮዝ ደሴት እንኳ የተዘጋጀውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ ኢስፔራንቶን ነው የወሰደችው። ለሰላምታ፣ ለመሐላና ለስድብ የሚሆን ጥቂት ቃል ካላችሁ ይበቃል።

አንዱ ልጅ «ቆይ ግን፣ የምር አገር ነን?» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ የሞንቴቪዴዮ ስምምነት ለአገርነት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ። አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ ተከራከሩ፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ይወጣዋል።

ፓስፖርቱ ላይ የእውነተኛ አገር ስም፣ ዓርማም ሆነ ማኅተም አይኑር። የዜግነት ቅጹን ኢንተርኔት ላይ የምትለጥፉት ከሆነም ጨዋታ መሆኑን ከላይ በጉልህ ጻፉ። ላዶኒያ የተባለችው የስዊድን ማይክሮኔሽን አንድ አርቲስት ከቅርጻ ቅርጹ ጋር በተያያዘ ክርክር የመሠረታት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3,000 በላይ ፓኪስታናውያን የምር መኖሪያ መስላቸው ዜግነት ጠይቀዋታል። እናንተ ደግሞ ያላችሁ አንድ ሶፋ ነው።