ቆጥረህ ስትጨርስ ለማን ትነግራለህ?

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወሬ አብዝቻለሁ ይሉኛል። እናንተ ሥነ ምህዳር የምታጠኑት ግን ይህችን ስሙኝ።

መጀመሪያ ወደ አንድ የጣና ደሴት የተሻገርኩት ሜትር፣ ገመድና ደብተር ይዤ ነው። ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። ወይራና ዶቅማ ስቆጥር አንድ አረጋዊ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ዋሉ። በኋላ «ልጄ፣ ቆጥረህ ስትጨርስ ለማን ትነግራለህ?» አሉኝ። «ለዩኒቨርሲቲው» አልኳቸው። ምንም አላሉም፤ ቆሎ ዘገኑልኝ።

የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ «በራሱ የበቀለ» ብዬ የመዘገብኩት የወይራ ችግኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ነው ጉዴን የሰማሁት። ለካ እሳቸው ናቸው የተከሉት፤ በጋ በጋ ከሐይቁ ውሃ እየቀዱ አሳድገውታል። ችግኙ እኮ በረድፍ ነበር የቆመው! እንዴት አልጠረጠርኩም? አፌን ከፍቼ ብጠይቅ ያበቃ ነበር።

ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። የሐይቁ ዙሪያ ሲመነጠር የገዳማቱ ደን የተረፈው በእኛ ጥናት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይነካም ስለተባለ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ እዚያም በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ነውር ስለሆነ ቡናው እስከ ዛሬ በዛፍ ጥላ ሥር አለ። ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ሥፍራነት፣ የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

ሳይንሱ ይቅር እያልኩ አይደለም። እምቦጭ የተባለው መጤ የውሃ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ታየ፤ በኋላ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ቁራጩ መልሶ እንደሚያድግ፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ካልነገራችሁት ግን ነቅሎ ዳር ላይ ይተወዋል፤ ልፋቱ ከንቱ ነው። ዓሣ አስጋሪውም እንደዚሁ። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ከእኛ በፊት ያውቃል፤ መረቡን ወንዝ አፍ ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው። ከዚያ ዓሣ ውስጥ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች እንዳሉ ግን ማን ነገረው?

ሌላም አለ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልን በመሰሉ ገዳማት ሴት አትገባም። ይህን ሳታጣሩ ቡድን አታዋቅሩ። መነኮሳቱ ራሳቸው መለካት ቢለምዱ ደግሞ የሁላችንም ድካም ይቀላል፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ናቸውና።

በሁለተኛው ጉዞዬ ውጤቱን በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፌ ወሰድኩላቸው። አንድ ዲያቆን ጮክ ብሎ አነበበው። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «በስተ ምሥራቅ ያለችዋን ሾላ ረስተሃታል» አሉኝ።

ወርጄ አየሁ። እውነትም ነበረች።