ሐሮማያን ያየሽው በምርቃት ቀን ነው

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሐረር ነው። ጠያቂዋ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷን ይዛለች። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት ነው የቀራት። መልእክቷ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። በቀደም ታላቅ እህቴ ከሐሮማያ ስትመረቅ ቤተሰቡ ሁሉ ሚኒባስ ተኮናትሮ ሄደ። ዋናውን ግቢ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዛፉ፣ ሣሩ፣ የመንገዱ ርዝመት! አጎቴ ‹ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ክፍለ ሀገር?› እያለ ሲዞር ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አይታየኝም። መማር የምፈልገው ነርሲንግ ነው። አባዬ ‹ለዛፍ ብሎ ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ድሬ ሙዪ፣ አክስትሽ አለችልሽ› ይላል። እህቴን ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትመልስልኝም። ምን ልሙላ?»

የእህትሽን ሳቅ ትንሽ ቆይቼ እተረጉምልሻለሁ። በመጀመሪያ ለአባትሽ አንድ ቃል አለኝ። ለዛፍ ብሎ የመረጠ ሰው አላየሁም ካሉ እኔን ይዩኝ። እኔ ለሐይቅ ብዬ ነው የመረጥኩት።

የግቢውን ስም አልጠራም። ሳሎናችን ውስጥ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ ፎቶው ነበር። ሐይቅ ዳር አንዲት አግዳሚ ወንበር። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳጠና ይታየኝ ነበር። ተመደብኩ፣ ደረስኩ። ወንበሯ አለች፣ ሐይቁም አለ። ዶርም ውስጥ ግን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቧንቧ ሥር ተሰልፌያለሁ፤ ለዚያውም ሐይቁን ከሩቅ እያየሁ። እስክመረቅ ድረስ ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት ምናልባት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። ሁለቱ ለፎቶ ነበር።

ያም ሆኖ ያንን ግቢ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ፈተና የተበላሸ ቀን፣ ከቤት መጥፎ ወሬ የመጣ ቀን፣ ብቻሽን የምትዞሪበት ጥላ ያለው መንገድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በትንሹ 4 ዓመት ትኖሪበታለሽ። ስለዚህ ቦታው አማረኝ ብለሽ አትፈሪ።

አሁን ወደ ሳቁ። ነርሲንግ ብለሻል። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ሐረር ነው። እናንተው ከተማ። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው፤ ማን ያውቃል፣ የተወለድሽው እዚያው ይሆናል። አንቺ የፈዘዝሽበት ዋናው ግቢ ደግሞ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ባቴ ላይ ነው። እንዳሰብሽው ሁሉ ነገር ከተሳካልሽ፣ ትምህርትሽን የምትማሪው ከቤታችሁ በባጃጅ በሚደረስበት ቦታ ነው። እህቴ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አሁን የምትሞዪው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲፓርትመንት የሚመጣው የፍሬሽ ኮርሶችን ከወሰድሽ በኋላ ነው፤ ያም በውጤት ፉክክር። ጤና የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ነው። ፍሬሽ ላይ ካልቸከልሽ ነርሲንግ ያመልጥሻል። ነርሲንግ ሲያመልጥሽ ምን ይደርስሻል? ያ ያማረሽ ግቢ! ከዛፉ፣ ከሣሩና ከአንድ ያላሰብሽው ዲፓርትመንት ጋር።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄዬ ይሄ ነው። ግቢው ውስጥ ያማረሽ ምኑ ነው?

የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ቦታ ለሽርሽር አልተሠራም። በ1944 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ እገዛ የተመሠረተ የእርሻና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርት የጀመሩት ጅማ ነበር፤ የአለማያው (የዛሬው ሐሮማያ) ሕንፃ ገና እየተሠራ ነው። በጥር 1950 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የአሁኑን ስም የያዘው በ1998 ዓ.ም ነው። የሰፈሬ ሽማግሌዎች ዛሬም አለማያ እንጂ ሌላ ስም አይወጣቸውም።

የእርሻ ኮሌጅ መሬት ይፈልጋል። ላም የሚቆምበት፣ በቆሎ የሚሞከርበት፣ ዶሮ የሚረባበት፣ ትራክተር የሚነዳበት። ለዚህ ነው ግቢው ሄዶ ሄዶ የማያልቀው። አጎትሽ ክፍለ ሀገር ያሉት ለሌላው የመማሪያ ክፍል ነው። «አለማያ ኮምፖዚት» የተባለው የበቆሎ ዝርያ ከዚያ የወጣ ነው። «ቡቡ» የሚባለው ድንችም የዚያው ሰዎች ሥራ ነው። ምናልባት ትናንት ማታ በልተሽው ይሆናል።

ሐይቁንም ልጨምርልሽ፤ እሱን ከአባትሽ ጋር ብታወሩት ደስ ይለኛል። ሐረር ለብዙ ዓመት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም ሐይቁ ድርቅ አለ። በዳርና ዳር በሞተር እየተሳበ ጫትና አትክልት ይጠጣበት ነበር። ከተሞቹም ይቀዱታል። ዛፍ ካጣው ተራራ የሚወርደው አፈር ደግሞ ከሥሩ ይሞላዋል። በመጨረሻ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ቀረ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ በመኪና ስታልፊ ሳታዪው አትቀሪም።

ይሄን ስታነቢ «እንዴት ተመለሰ? ደግሞስ ይደርቃል?» የሚል ነገር ውስጥሽን ከነካው፣ ነርሲንግ ባይሳካልሽ እንኳ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚሆንሽ ነገር አለ። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ የአፈርና የውሃ ሥራ፣ መስኖ። አንድም ነገር ካልነካሽ ደግሞ የወደድሽው ጥላውን ነው። ምንም አይደል። ጥላውን እሑድ እሑድ ከጓደኞችሽ ጋር እየሄድሽ ታገኚዋለሽ፤ የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ነው።

ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ስለዚያ ግቢ ሲያወራ ለምርቃት ሄዶ ይሁን ኖሮበት ወዲያው ይታወቀኛል። ለምርቃት የሄደው ስለ ዛፉ ያወራል። የኖረበት ስለ ብርዱ። ግቢው ያለው 2000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ድሬ 1200 ገደማ ናት። የእኛ ሰፈር ልጆች በቲሸርት ይሄዱና ደንገጎን ሲወጡ መስኮት መዝጋት ይጀምራሉ። ኅዳር ላይ ስልክ ይደውላሉ፤ «ማዘር፣ ያንን ወፍራሙን ብርድ ልብስ ላኪልኝ»። አንቺ የሐረር ልጅ ስለሆንሽ ይህን ያህል አትደነግጪም፤ ጅቡንም እንደዚሁ።

ያ የወደድሽው ረጅም መንገድ ግን ያስደነግጥሻል። አንቺ ያየሽው ተረጋግተሽ፣ አበባ ይዘሽ፣ ፎቶ እየተነሳሽ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ያለባትን ልጅ አስቢያት። አሳይመንቷን ዶርም ረስታው መጣች። ነሐሴ ባይሆንም ዝናብ አለ። ጫማዋ ጭቃ ነው። እሷን ስለ ግቢው ውበት ብትጠይቂያት መልሷን እዚህ መጻፍ አልችልም። ስለ ካፌው ሽሮ ደግሞ ዝም ልበል፤ እሱ የሁሉም ግቢ ሽሮ ነው።

ወደ አባትሽ ሐሳብ ልምጣ። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ ስለዚህ ለድሬ ማድላቴ አይቀርም አቦ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረ ነው። እንደ ሐሮማያ አረንጓዴ አይደለም። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ነርሲንግ ግን አለው፤ ከተማዋም ድል ጮራ ሆስፒታል አላት። የአክስት ቤት መኖሩም ትልቅ ነገር ነው፤ ልብስ ይታጠባል፣ ሲያምሽ አይዞሽ የሚልሽ አለ። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና የምታፈላው ማን እንደምትሆን ከአሁኑ አስቢበት። በተለይ ነገ ፈተና ባለብሽ ማታ። ዶርም ይሻለኛል ያሉኝ ስንት የአክስት ቤት ተማሪዎች አሉ መሰለሽ!

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ነርሲንግ ባይደርስሽ በእርሻው ወይም በውሃው በኩል አንድ የምትወጂው ነገር ካገኘሽ፣ ሐሮማያን አንደኛ፣ ድሬን ሁለተኛ አድርጊ። ከእርሻ ጋር በጭራሽ ካልተስማማሽና «ነርሲንግ ካልሆነ ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር» የምትዪ ከሆነ፣ የአባትሽን ስሚ። ኢንጂነሪንግ ሐሮማያም አለ። ድሬ ላይ ግን ባቡሩ አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ነጻ የንግድ ቀጠናው አለ። ለልምምድ ስትወጪ ከተማው ራሱ ይጠቅምሻል። የትም ብትገቢ ግን የመውጫ ፈተናው አይቀርልሽም። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይዝም፤ እዚያ ላይ ዛፍ አይጠየቅም።

ከመሙላትሽ በፊት ሁለት ቦታ ሂጂልኝ።

አንደኛው በእግርሽ የምትደርሺበት ነው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ሕይወት ፋና በር ላይ አይጠፉም። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለች የነርሲንግ ተማሪ ፈልጊና ሻይ ጋብዣት። ዋርድ የገባችው ስንተኛ ዓመት ላይ ነው? አንድ በሽተኛ አጠገብ ስንት ተማሪ ይቆማል? መርፌ በራሷ እጅ ወግታለች ወይስ ስታይ ብቻ ነው የከረመችው? የመጨረሻውን ጥያቄ ስትመልስ ፊቷን እዪው። ያንኑ ጥያቄ ለድል ጮራ ልጆች እንድትጠይቅልሽ ለአክስትሽ ንገሪያት። ተማሪዋ ስለ ዋርድ ስታወራ ሆድሽ ከተገለበጠ ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለራስሽ ንገሪው። ጤና ትምህርት የሞሉ፣ ደም ሲያዩ የሚወድቁ ልጆች አጋጥመውኛል።

ሁለተኛው ባቴ ነው። ቅዳሜ አይሆንም፣ ረቡዕ ሂጂ። ሚኒባሱ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው መሐል ሊቆም ይችላል፤ ጊዜ ያዢ። በሩ ላይ ማን ጋ እንደመጣሽ ስለሚጠይቁሽ እህትሽ ለአንዲት ጁኒየሯ አስቀድማ ትደውልልሽ። የልጅቷን ዶርም እዪ፣ ቧንቧውን ክፈቺው። ላይብረሪ ገብተሽ ባዶ ወንበር ፈልጊ። የእራት ሰልፉን እዪው። ከዚያ ያንን ረጅም መንገድ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ አበባና ያለ ፎቶ፣ ብቻሽን ሂጂው።

ያየሽውን ጻፊልኝ። ሹራብ አትርሺ።