መሣሪያው ዝም ሲል፦ ለወጣት የቁፋሮ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን አዘዞ ካለው ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጉድጓድ ውስጥ የምናወርደው መለኪያ መሣሪያ ከመሬት በታች ሆኖ መረጃ መላኩን ቢያቆም ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡናው እስኪደርስ ባጭሩ መለስኩለት። ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው ከዚያ የበለጠ መልስ የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጻፍኩላችሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በዚሁ በጎንደር ዙሪያ የውኃ ጉድጓድ በመቆፈር ነው። ከተማችን ለረጅም ጊዜ የአንገረብን ግድብ ተማምና የኖረች ብትሆንም፣ ግድቡን ደለል እያጠበበው ሲሄድ የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋው እየበረታ መጣ። መሬታችን ባዛልት ስለሆነ የምንቆፍረው በተጨመቀ አየር በሚመታ ሃመር ነበር፤ ከታች ምንም ሴንሰር (መለኪያ) አልነበረንም። ያስተማሩኝ ባለሙያ ከሚሽከረከረው ፓይፕ አርቀው የሪጉን (የመቆፈሪያ ማሽኑን) የብረት እግር በመዳፌ እንድይዝ ያደርጉኝ ነበር። ሃመሩ ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ ንዝረቱ ጠንካራና እኩል ነው፤ የበሰበሰ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይለዝባል፣ ይቆራረጣል፤ ውኃ ያዘለ ስንጥቅ ሲያገኝ ድምፁ ይታፈንና ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው አቧራ ወደ ጭቃ ይለወጣል። ስለ ጉድጓዱ የምናውቀው በዚህ ብቻ ነበር፤ ኋላ ስክሪን ፊት ስቀመጥም ይህ ልማድ አልተለየኝም።

ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ድንጋዩን ከሚቆርሰው ጫፍ፣ ከቢቱ፣ በላይ የሚታሰረው መሣሪያ ሙቀትን፣ ንዝረትን፣ የጉድጓዱን አቅጣጫና ዘንበል ማለት እየለካ፣ በፓይፑ ውስጥ የሚወርደውን የቁፋሮ ጭቃ (ፍርፋሪውን ይዞ የሚወጣውን ፈሳሽ) በትንሽ ቫልቭ ለቅጽበት በማነቅ የግፊት ምት ይፈጥራል፤ ምቱ በጭቃው ውስጥ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ ተጉዞ ላይ ያለው ሴንሰር ይቀበለዋል። መንገዱ ጠባብ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በሰከንድ ጥቂት የመረጃ ቢት (ትንሹ የመረጃ መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ መሣሪያው ንዝረትን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ቢለካም ወደ እናንተ የሚልከው አንድ የተጠቃለለ ቁጥር ነው፤ ሙሉው መረጃ ሜሞሪው ውስጥ ይቀራል። ሽቦ የተዘረጋበት ፓይፕ በሰከንድ ከ50,000 ቢት በላይ ማስተላለፍ ቢችልም ዋጋው ውድ ነው፤ በደረሳችሁበት ሁሉ አታገኙትም።

ይህ ጠባብ መንገድ በብዙ ምክንያት ይቋረጣል። የፓምፑ የራሱ ምት መልእክቱን ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ውስጥ አየር ወይም ጋዝ ሲገባ ምቱ ይዋጣል፤ ስንጥቅ ለመድፈን የሚጨመረው ቁስ ቫልቩን ይዘጋዋል። በአየር በሚቆፈር ጉድጓድ ደግሞ የጭቃ ምት ጨርሶ አይሠራም። በመሬት ውስጥ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ የሚልክ መሣሪያ በዚህ ጊዜ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ የምድር እንፋሎት በሚፈለግበት አካባቢ ድንጋዩን የሚሸፍነው በሙቀት የተለወጠ ሸክላ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ያዳክመዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. 8 ጥልቅ ጉድጓዶች እንደተቆፈሩበት በስምጥ ሸለቆ እንዳለው እንደ አሉቶ የእንፋሎት መስክ ባለ ስፍራ፣ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበትና ድንጋዩ በተሰነጣጠቀበት፣ ችግሮቹ ተደራርበው ሊመጡባችሁ እንደሚችሉ ጠብቁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የምንሠራባቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች እስከ 150፣ አንዳንዶቹ እስከ 175 ዲግሪ ብቻ የሚችሉ ናቸው፤ ከዚያ በጋለ ድንጋይ ውስጥ የሚቆዩት የሚወርደው ጭቃ እያቀዘቀዛቸው ነው። ፓምፑ ሲቆም ታዲያ ምቱም ማቀዝቀዣውም አብረው ይቆማሉ፤ መሣሪያው መናገር የሚያቅተው በጣም በሚጎዳበት ሰዓት ነው ማለት ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ከጉድጓድ በታች ግን ይነቅዛል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለሁ ስክሪኑ 118 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ፓምፑ ለጥገና ከቆመ በኋላም 118 ነበር፤ ከ55 ደቂቃ በኋላም ያው 118። ቁጥሩ ደግ ስለነበር ወደድኩት እንጂ የደረሰበትን ሰዓት አላየሁም። ያነበብኩት የሙቀት ልክ ሳይሆን ከመቋረጡ በፊት የመጣው የመጨረሻ መልእክት ነበር። መሣሪያው ሞቶ ወጣ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መቼ እንደደረሰ ተመልከቱ፤ አዲስ ካልመጣ «መረጃ የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮ አትጻፉ፣ የቀድሞውንም አትድገሙ።

ዝምታው ሲረዝም ላይ ያለውን አንብቡ። የማዞሪያው ኃይል በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ቢቱ እየተያዘና እየተስፈነጠረ ነው፤ ቢቱ ላይ ያረፈውን ጫና ቀንሱ፣ ዙሩን ጨምሩ። የፓምፕ ግፊት፣ የሚመለሰው ጭቃ መጠንና ሙቀት፣ የድንጋዩ ፍርፋሪ፣ ሁሉም ይናገራሉ። ፍርፋሪው ግን ከታች ተነሥቶ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚወስድ፣ አሁን በእጃችሁ ያለው ቀደም ሲል የተቆፈረው ድንጋይ መሆኑን አትርሱ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ሰዓትን ነው። ሜሞሪው የሚያውቀው ጊዜን እንጂ ጥልቀትን አይደለም፤ ጥልቀቱን የሚያውቀው ላይ ያለው መዝገብ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ብቻ ነው። በሰዓት 15 ሜትር ስትቆፍሩ 4 ደቂቃ ስታችሁ ማለት ስንጥቁን 1 ሜትር ከቦታው አነሣችሁት ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ችግር አለ፦ መሣሪያው 02:00 ሲል ሠራተኛው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። የ6 ሰዓቱ ልዩነት ቶሎ ይታያል። አስቸጋሪው ቀኑ ነው፤ መሣሪያው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ሲቀይር፣ ብዙው ሠራተኛ እስኪነጋ በትናንቱ ቀን ይጽፋል። በዚህ የተነሣ የአንድ ሌሊት ልኬት በሙሉ ለሌላ ጥልቀት ሲሰጥ አይቻለሁ። በየትኛው አቆጣጠር እንደምትጽፉ ከመጀመሪያው ተስማሙና በመዝገቡ ሽፋን ላይ አስፍሩት።

መሣሪያው ከመውረዱ በፊት ሁለት ሰው ሆናችሁ ሰዓቱን ከመዝገቡ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ሲወጣም ጭቃውን ለማጠብ አትቸኩሉ፤ ባትሪው ሳይነቀል ሰዓቱን እንደገና አንብቡና በስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ በዚያው ገጽ ላይ ጻፉት።