ጊዜው ያለፈበት ስታንዳርድ

ሰሞኑን ጅማ የተመረቀች አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። አሁን ምግብ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ትሠራለች። "ጋሼ፣ የአፍላቶክሲን ስታንዳርዳችን ጊዜው አልፏል። አዲሱ መቼ እንደሚገባ አይታወቅም። ብንጠቀምበት ምን አለበት?" አለችኝ።

"እንዳትነኪው!" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። እናንተም ላብራቶሪ የምትሠሩ ልጆች ይህን ጥያቄ ማንሳታችሁ አይቀርምና ልጻፍላችሁ። አፍላቶክሲን እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ስታንዳርዱ ደግሞ ናሙናው የሚወዳደርበት፣ መጠኑ የታወቀ ንጹህ መርዝ ነው።

ያኔ ጅማ ነበርኩ። ዝናቡ አላባራ ብሎ መኸር ውስጥ የገባበት ዓመት ነው። ቡናው አልጋ ላይ እንደተሰጣ ይረጥባል፤ በቆሎው ሳይደርቅ ጎተራ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት አዴ፣ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ በቆሎ በፌስታል ይዘው መጡ። ፍሬው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ይታያል። "ልጄ፣ ይህን ልጆቼ ቢበሉት ይጎዳቸዋል? ለላሞቹስ ልስጥ?" አሉኝ።

መሣሪያው ነበረን። ኤችፒኤልሲው፣ ናሙና ውስጥ ያለውን ለያይቶ የሚለካው ማሽን፣ ይሠራል፤ ኬሚካሉም አለ። የጠፋው ስታንዳርዱ ብቻ ነው። መሣሪያው ብቻውን አፍላቶክሲን ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚያሳየው ፒክ፣ ወደ ላይ የሾለ መስመር ነው። ያ ፒክ ስንት ማለት እንደሆነ የሚታወቀው መጠኑ በእርግጠኝነት ከታወቀ ንጹህ አፍላቶክሲን ጋር ሲወዳደር ነው። መመዘኛ ድንጋዩ የጠፋበት የገበያ ሚዛን ማለት ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ኪሎውን አይናገርም።

ስታንዳርዱ ታዝዞ አገር ውስጥ ገብቷል። ግን አንድ መጋዘን ውስጥ ተይዟል። ሳጥኑ ላይ የራስ ቅል ምልክት አለ፤ ወረቀቱ ላይ መርዝ መሆኑ ተጽፏል። "መርዝ ለምን ታስገባላችሁ?" ተባልን። መርዙን ለመለካት መርዙ ያስፈልጋል ብሎ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የራሳችን ጥበቃ እንኳ ስታንዳርድ የሚቀመጥበትን ፍሪዘር "የመርዝ ሳጥን" ይለው ነበር። ቡና ሲያፈላ ጀበናውን ይዞ ግቢው ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ቡናው ደግሞ እንዴት ያለ ቡና ነበር!

አዴን ምን አልናቸው? የሻገተውን ለቅመው ይጣሉ አልን። ለላሞቹስ? ላም የሻገተ መኖ ስትበላ አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለው ዓይነት ሰውነቷ ውስጥ ኤም1 ወደሚባለው ተለውጦ ወተቷ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አይስጡ አልን። "እሺ፣ ይሄኛው ስንት አለበት?" አሉ። አለቃዬ ቁጥር በሌለበት መልስ አንሰጥም አሉ። ልክ ነበሩ። አዴ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በቆሎውን ይጣሉት፣ ይፍጩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስታንዳርዱ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። አብሮት የመጣው ሰርተፍኬት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል። በረዶው ቀልጧል፤ ፈሳሹም ከጠርሙሱ ላይ ጎደል ብሏል። መርዙ የሟሟበት ፈሳሽ፣ አሴቶናይትራይሉ፣ ሲተን የቀረው ይወፍራል። በወረቀቱ ቁጥር ካሰላችሁ ደግሞ የናሙናው መጠን ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል፤ የተበከለውን በቆሎ ንጹህ ነው ትላላችሁ። ብርሃን አግኝቶት ከተበላሸ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ንጹህ እህል ይዞ የመጣ ነጋዴ ይከስራል።

ይህ ጥቃቅን ነገር አይምሰላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ውስጥ የሚፈቅደውን ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል ሌላ የሻጋታ መርዝ ከ2023 ጀምሮ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም በኪሎ አውርዶታል። 10,000 ኩንታል ቡና ውስጥ 3 ግራም ማለት ነው። በወተት ውስጥ ለአፍላቶክሲን ኤም1 የሚፈቅደው ደግሞ 0.05 ማይክሮግራም በኪሎ ነው።

ጓንት አድርጉ፣ ቢጫውን ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አትተዉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። የማሽኑን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ደቂቃ አይፈጅባችሁም። ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ግን ይከብዳችኋል። ስትከፍቱ መዝኑት፤ ስትመልሱት መዝኑት። ክብደቱ በራሱ ከቀነሰ ተንኗል ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥርም መዝግቡ። ጅማ ላይ መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አለመመዝገቡ ነው ጉዱ።

እንዳትነኪው ያልኳት ልጅ ይህን ካነበበች ትስቅብኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ እኔ አለቃ ብሆን ኖሮ ያንን የጎደለ ጠርሙስ አልጥለውም ነበር። ቢ1 ብቻውን ያለበት ከሆነ በስፔክትሮፎቶሜትር 350 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚውጠውን ለክቶ መጠኑን እንደገና ማስላት ይቻላል። አራቱ የአፍላቶክሲን ዓይነቶች፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2፣ የተደባለቁበት ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም። ተለክቶ ቁጥሩ ከታወቀ እንደ አዴ ላለ ሰው "ብዙ ነው፣ አይብሉት" ለማለት ይበቃል። ግምት መሆኑን ጽፋችሁ ትሰጣላችሁ። ለኤክስፖርት ሰርተፍኬት ግን በጭራሽ! እዚያ ላይ ቀኑ ያላለፈ፣ ሰርተፍኬት ያለው፣ ምንጩ የሚታወቅ ስታንዳርድ ያስፈልጋል። አለቃዬ ልክ ነበሩ ብያለሁ አይደል? ለሰርተፍኬቱ ልክ ነበሩ። ለአዴ ግን አልነበሩም።

ደግሞ ከአንድ ጆንያ አንድ ጭብጥ አፍሳችሁ ስታንዳርድ አታባክኑ። ሻጋታ እንደ ጨው እኩል አይበተንም፤ ጥቂት ፍሬ ላይ ተከማችቶ ሌላው ንጹህ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከናሙና አወሳሰዱ ነው። ከየቦታው ውሰዱ፣ ሁሉንም ፍጩ፣ ደባልቁ፣ ከዚያ መዝኑ።

ትዕዛዙን ደግሞ ቡና እስኪለቀም አታቆዩት። ጥቅምት ላይ ሁሉም ይጣደፋል። ሚያዝያ ላይ ጀምሩ፤ ከሌላ ላብራቶሪ ጋር ተጣምራችሁ ብታዙ ወጪውም ይቀንሳል። ከወረቀቱ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግልና በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ ደብዳቤ በአማርኛ ጽፋችሁ አያይዙ። ስልክ ቁጥራችሁንም ጉልህ አድርጋችሁ ጻፉበት፤ ቅዳሜም የሚነሳ ስልክ ይሁን።