ስልኬ ያዳምጠኛል ወይ? ስለ ካሜራና ማይክ ፈቃድ ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ስለ አፕ ፈቃድ ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የተደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ተጠልፌ ይሆን?

አይዞህ። አንድ አፕ ካሜራ ወይም ማይክ እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አይፎን ላይ አረንጓዴዋ ካሜራ፣ ብርቱካናማዋ ማይክ ናት። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ስትቀዳ ከበራች ምንም ችግር የለም። ምንም ሳትነካ ከበራች ግን ከላይ ወደ ታች ሳብ አድርገህ ነጥቧን ንካት፤ የትኛው አፕ እንደሆነ ታሳይሃለች።

ጥያቄ፦ ቴክኖ ነው የምጠቀመው፣ ፈቃድ የምከለክለው የት ገብቼ ነው?

ሴቲንግ ገብተሽ መፈለጊያው ላይ ፐርሚሽን ማናጀር ብለሽ ጻፊ። ካሜራን ስትነኪ የተፈቀደላቸው አፖች ይደረደራሉ። ካልኩሌተርና የባትሪ መብራት አፕ እዚያ ካገኘሽ ያለ ርኅራኄ ከልክያቸው። ለሌሎቹ ስትጠቀሚባቸው ብቻ የሚለው ይበቃል።

ጥያቄ፦ እህቴ ቤይሩት ናት፣ በኢሞ ነው የምናወራው። ማይክ ብከለክለው?

አትሰማሽማ! ስትጠቀሚበት ብቻ አድርጊው፤ እሱ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሶፋ አወራን፣ ወዲያው የሶፋ ማስታወቂያ መጣብኝ። ይህስ?

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ማይኩ ተከፍቶ ቢሆን ነጥቧ በበራች ነበር። ሶፋ ፈልገህ ይሆናል፣ ወይ ሱቁ ሄደህ ሎኬሽንህ በርቶ ነበር፣ ወይ ሚስትህ በዚያው ዋይፋይ ስትፈልግ ነበር። ማስታወቂያ ለማነጣጠር ድምፅህ አያስፈልጋቸውም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ቻናል የተሻሻለ ዋትስአፕ አውርጄ ነበር። ጉዳት አለው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከነጥቧ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከፕሌይ ስቶር ውጪ በኤፒኬ (በአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) የመጣ አፕ ላይ ማይክ ስትፈቅድ፣ የምትፈቅደው ለዋትስአፕ ሳይሆን ማንነቱን ለማታውቀው አፑን ለቀየረው ሰው ነው። አክሰሲቢሊቲ የሚባለውንም ከጠየቀህ ጭራሽ አትስጠው፤ እሱን የያዘ አፕ ስክሪንህ ላይ ያለውን ያነባል፣ በአንተ ፋንታም ይነካል፣ የባንክ አፕህ ሲከፈትም እዚያው ነው። አጥፋውና ዋናውን ጫን። ጎጂ አፕ የሚፈትሸው የጉግል ፕሌይ ፕሮቴክት ተዘግቶ እንደሆነም እይ፤ እንዲህ ያለ አፕ ሲጫን ብዙ ጊዜ ዝጋው ይላሉና።

ጥያቄ፦ የቀድሞ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ የሆነ ነገር የጫነብኝ ይመስለኛል።

ሴቲንግ ላይ ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ የሚባለው ውስጥ ባለፉት 24 ሰዓታት ማይክና ካሜራ የነካው ማን እንደሆነ ተጽፏል። የማታውቂው ስም ካለ አክሰሲቢሊቲና ዲቫይስ አድሚን (ስልኩን የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጣቸው አፖች ዝርዝር) ውስጥም ፈልጊው። ሰውየውን የምትፈሪው ከሆነ ግን ቶሎ አታጥፊው፣ መጥፋቱን ሊያውቅ ይችላል። መጀመሪያ ከሌላ ሰው ስልክ ለምታምኚው ሰው ደውይ። የስክሪን ቁልፍሽንና የጂሜይል ፓስወርድሽን የምትቀይሪው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጂሜይሉን ደግሞ ከሌላ ስልክ ላይ ሆነሽ።